ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ስለ ራዲዮ መልእክትና ስለ ምሥጢር መጠበቅ

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በማክበር ላይ ባለበት በዚህ ዓመት፣ እኛ የታሪክ ትምህርት ወዳጆች ለመጽሔቱ አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ ርእሱን ያገኘነው ከጨዋታ ነው። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ በኮምፒዩተር የሚጫወቱት የሰርጓጅ መርከብ ጨዋታ አለ። በዚህ ጨዋታ ጥቂት ሰዎች፣ እያንዳንዱ በየቤቱ ተቀምጦ፣ አንዲት መርከብ በኅብረት ይነዳሉ፤ አንዱ አዛዥ፣ አንዱ መሪ ያዥ፣ አንዱ የራዲዮ ሠራተኛ ይሆናል። አንዷ መርከብ ሌላይቱን ከሩቅ ስለማታያት መገናኛቸው ራዲዮ ነው። ታዲያ የለመዱት ተጫዋቾች አዲስ ገቢውን አጥብቀው የሚመክሩት ዝም ማለት የሚገባው መቼ እንደ ሆነ ነው።

ይህ ነገር አስገረመን። መነጋገሪያ መሣሪያ በእጁ ይዞ ዝም የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ብለን ምክንያቱን ብንመረምር፣ ነገሩ ከጨዋታ ያለፈ፣ ለአገራችንም ብዙ ደም የፈሰሰበት ታሪክ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ የደረስንበትን ለክቡራን አንባብያን በአጭሩ እናቀርባለን።

በአያቶቻችን ዘመን በኢሉባቦር መልእክት የሚሄደው በሰው እግርና በበቅሎ ነበር። ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ፣ ከመቱ ተነሥቶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን ወጥቶ አንድ ደብዳቤ ለማድረስ መልእክተኛው ቀኑን በመንገድ ያሳልፍ ነበር። ከጎሬ ወደ ውጭ አገር ለሚላክ ነገር ደግሞ የታወቀው መንገድ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ቆላ የሚወርደው ነው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ስለ ተፈቀደ፣ በክረምት ውሃው ሲሞላ ከሱዳን የሚመጡ መርከቦች እስከ ጋምቤላ ድረስ እየደረሱ ቡናውን ይጭኑ ነበር። በበጋ ግን ወንዙ ስለሚጎድል መርከብም ዜናም ይዘገያል።

እንግዲህ የእግረኛ መልእክተኛ ጉድለቱ መዘግየቱ ነው። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ደብዳቤው ታሽጎ በአንድ ሰው እጅ ስለሚሄድ፣ መልእክተኛው ካልተያዘ በቀር ጠላት ቃሉን ሊያውቅ አይችልም። ራዲዮ በመጣ ጊዜ መዘግየቱ ቀረ፤ ምሥጢሩም አብሮ ለአደጋ ተጋለጠ። ምክንያቱም የራዲዮ ቃል እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው፤ የተጠራውም ያልተጠራውም እኩል ይሰማዋል። ስለዚህ መንግሥታት ቃሉን በምሥጢር ፊደልና ቁጥር እየለወጡ መላክ ጀመሩ። ሆኖም ሰው የቋጠረውን ሰው ሊፈታው እንደሚችል ታሪክ ደጋግሞ አሳይቷል።

በአገራችን በ1927 ዓ.ም. የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ሥራውን ሲጀምር፣ ኢትዮጵያ ድምፅዋን ለዓለም የምታሰማበት መንገድ ተከፈተ። ነገር ግን ጊዜው የሰላም ጊዜ አልነበረም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ሠራዊት የመረብን ወንዝ ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ሰሜን ግንባር በዘመቱ ጊዜ ከአዛዦቻቸውና ከአዲስ አበባ ጋር ከሚገናኙባቸው መንገዶች አንዱ ራዲዮ ነበር። ጠላት ግን ይህን የአየር ቃል እየጠለፈ፣ ምሥጢራዊ ጽሑፉንም እየፈታ ያነብ ነበር።

ይህም ያመጣው ጉዳት በማይጨው በግልጽ ታየ። የኢጣልያው አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ንጉሠ ነገሥቱ ሊያጠቁ መዘጋጀታቸውን ከተጠለፉት መልእክቶች አስቀድሞ ዐወቀ። ጥቃቱ ከታሰበበት ቀን በቀናት በተራዘመ ቁጥር የጠላት ጦር ምሽጉን ያጠናክር፣ መትረየሱን ያስተካክል ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎሕ ሳይቀድ አርበኞቻችን ሲነሡ፣ የሚገጥሙት ተኝቶ የተገኘ ጠላት ሳይሆን ነቅቶ የሚጠብቅ ጠላት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለእቴጌ መነን የላኩት መልእክት ሳይቀር በጠላት እጅ ገባ።

እዚህ ላይ በእውነት መፍረድ ያስፈልጋል። በማይጨው የተሸነፍነው በራዲዮ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። አውሮፕላኑ፣ መድፉና በዓለም ሕግ የተከለከለው የመርዝ ጋዝ የሠሩትን ግፍ ማንም አይረሳውም። ነገር ግን ጀግንነት ያልጎደለው ሠራዊት ምሥጢሩ ቀድሞት ወደ ጠላት ሰፈር ከደረሰ፣ ጀግንነቱ ዋጋውን በእጥፍ እንደሚከፍል ከዚህ እንረዳለን።

ከዚያም ታሪኩ ወደ እኛው አገር ይመጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲነሡ፣ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጎሬ እንዲዛወር ተወሰነ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በዚያ የመንግሥቱን ሥራ መሩ፤ ልዑል ራስ እምሩም እንደራሴ ሆነው የምዕራቡን አገር ይዘው ቆዩ። የጥቁር አንበሳ ማኅበር ወጣት መኮንኖችም ከእርሳቸው ጋር ነበሩ። ዋና ከተማው በጠላት እጅ ሳለ፣ የነጻይቱ ኢትዮጵያ ቃል የሚመጣው በቡናና በዱር ከተከበበችው ከጎሬ ነበር። ዓለምም ሊሰማው የሚችለው በብዙ ድካም ነው፤ መንገዱ ያው የጋምቤላ መንገድ፣ ያው የባሮ ወንዝ ነበርና። የጠላት ጦር በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬን ያዘ፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ ወር በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ኢጣልያም ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ።

አሁን አንባቢውን ከደጋችን አውርደን ወደ ባሕር እንወስደዋለን፤ የታሪኩ ሁለተኛ ገጽ ያለው በዚያ ነውና። ኢጣልያ ከወረራው በኋላ ለሠራቻቸው ሰርጓጅ መርከቦች በኩራት የኢትዮጵያን ስሞች ሰጠቻቸው። አድዋ፣ አክሱም፣ መቀሌ፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተምቤን፣ አላጌ፣ አሸንጌ፣ ነገሌ፣ ዌቢ ሸበሌ የሚባሉ የጦር መርከቦች በባሕር ውስጥ ይሄዱ ነበር። ስማችን በጠላት መርከብ ላይ መጻፉን ባነበብን ጊዜ ልባችን ማዘኑን አንደብቅም። የእነዚያ መርከቦች ዕጣ ግን ከዚህ የሚከተለው ሆነ።

ኢጣልያ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ ያን ጊዜ በእጅዋ በነበረው በምጽዋ ወደብ 8 ሰርጓጅ መርከቦች ነበሩዋት። ከእነዚህ አንዱ «መቀሌ» ነው። የመርከቡን አየር ከሚያቀዘቅዘው መሣሪያ መርዛም ጋዝ እየወጣ ሠራተኞቹን ስለ መረዛቸው፣ መርከቡ በሰኔ 8 ቀን በሱዳን ባሕር ዳር ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። የዳኑት ሦስት ሰዎች በትንሽ ጀልባ እርዳታ ፍለጋ ተልከው፣ ሌላ መርከብ መጥቶ ካነሣቸው በኋላ ነው። በራዲዮ ዘመንም የጥንቱ መልእክተኛ ሥራ አለመፍታቱን ከዚህ እናያለን።

በሰኔ 12 ቀን ደግሞ «ጋሊሌዮ ጋሊሌይ» የተባለው ሰርጓጅ በኤደን አጠገብ ሙንስቶን ከምትባል ትንሽ የእንግሊዝ መርከብ ጋር ተዋግቶ ተማረከ። በውስጡ የተገኙት ጽሑፎች ሌሎቹ መርከቦች የት እንደሚጠብቁ ስለሚያመለክቱ፣ «ጋልቫኒ» የተባለው በኦማን ባሕረ ሰላጤ ተፈልጎ ሰጠመ። በዚያው ወር መጨረሻ በሜዲትራኒያን ባሕር «ዌቢ ሸበሌ» ሲመታ፣ እንግሊዞች የምሥጢር መጻሕፍቱን ከውስጡ አወጡ። የሰኔ ወር ሳያልቅ ከምጽዋዎቹ 8 መርከቦች 4ቱ ጠፉ፤ የቀሩት 4 በ1933 ዓ.ም. ምጽዋ ከመያዙ በፊት አፍሪካን ዞረው ወደ ፈረንሳይ አገር ሸሹ። በዚያው ዓመት በሰኔ 26 ቀን በምዕራብ የቀረው የኢጣልያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ጋዜራ በጎረቤታችን በደምቢ ዶሎ እጁን ሰጠ።

ልብ በሉ፤ በ1928 ዓ.ም. የእኛን ምሥጢር እያነበበ የገደለን ጠላት፣ ከአራት ዓመት በኋላ የራሱ ምሥጢር ተነበበበት። ምሥጢር ለአንዱ ወገን ብቻ አያደላም፤ ያልጠበቀውን ሁሉ ይቀጣል።

ይኸው ነገር በጀርመኖች ላይ ከዚህ በበለጠ ደረሰ። ጓደኞቻችን በጨዋታ የሚመስሉት የእነርሱን ውጊያ ነው። የራዲዮ ሞገድ በባሕር ውሃ ውስጥ ብዙ ሊዘልቅ ስለማይችል፣ ሰርጓጁ መልእክት ለመላክ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ለመናገር የወጣ ደግሞ ይታያል። አድሚራል ዴኒትዝ መርከቦቹን እንደ ተኩላ መንጋ በአንድ ላይ ለማሰለፍ ሲል ብዙ የራዲዮ ንግግር እንዲያደርጉ አዘዘ። እንግሊዞችም ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ በመሣሪያ እየለኩ መርከቡ ያለበትን አገኙ፤ በብሌችሊ ፓርክም እነ አለን ቱሪንግ «ኤኒግማ» በተባለው መሣሪያ የሚጻፈውን ምሥጢር ፈቱ። በጀርመን ሰርጓጆች ከዘመቱት ወደ 40,000 ከሚጠጉ ሰዎች 30,000 ያህሉ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። በጨዋታው የተሸነፈ እንደ ገና ይጀምራል፤ እነዚያ ግን ሁለተኛ ዕድል አላገኙም።

እንግዲህ የራዲዮ ሠራተኛው ዝምታ ምክንያቱ ይህ ነው። ዝም የሚለው ፈሪ ስለ ሆነ አይደለም፤ አንዲት ቃሉ የጓደኞቹን ሁሉ ሕይወት እንደምትይዝ ስለሚያውቅ ነው። ከተናገረም ቃሉ አጭር፣ ግልጽና የተመዘነ ይሆናል።

ዛሬ ከጎሬም ከመቱም፣ ከያዮም ከበደሌም፣ እያንዳንዳችን በኪሳችን የራዲዮ ጣቢያ ይዘን እንዞራለን፤ ስልካችን ያው በራዲዮ ሞገድ የሚሠራ ነውና። አያቶቻችን በበቅሎ ቀን ሙሉ የሚያደርሱትን ቃል በዓይን ጥቅሻ እናደርሳለን። ነገር ግን የሰውን ነውር፣ ያልተጣራ ወሬ፣ የቤተ ሰብን ምሥጢር ወደ አየር ስንለቅ፣ ማን እንደሚሰማው አናውቅም፤ ልንመልሰውም አንችልም። አባቶች «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ራዲዮ ሳይፈጠር ቢሆንም፣ ለራዲዮ ዘመን የተነገረ ይመስላል።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቻችን፣ በጨዋታችሁ ደስ ይበላችሁ፤ አንጠላውም። ነገር ግን የራዲዮውን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት ለአንድ አፍታ ስታስቡ፣ በማይጨው ሜዳ ጎሕ ሳይቀድ የተነሡትን አስታውሱ። ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፣ ለመምህሮቻችንና ለወላጆቻችን ጤና እንመኛለን።