የባሕል መድኃኒት በእርግዝና ወቅት፦ ደኅንነቱ እንዴት ይፈተሻል?

በጎንደር ቅዳሜ ገበያም ሆነ በደባርቅና በዳባት ጤና አዳም፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድና ኮሶ ማግኘት አያስቸግርም። ብዙ ነፍሰ ጡር እናቶችም ሲያማቸው ቀድመው የሚያስቡት እነዚህን ነው። «ከእናቶቻችን የወረስነው ነው፤ ምን ያደርጋል?» ማለት ግን ለፅንሱ ዋስትና አይሆንም። የሚያስመልስ መድኃኒት ጉዳቱ ዕለቱን ይታወቃል፤ የፅንስ ጉዳት ግን የሚታየው ከወራት በኋላ በመሆኑ፣ ያኔ ከተወሰደው ቅጠል ጋር የሚያያይዘው አይኖርም።

ዘመናዊ መድኃኒትም ከዚህ አላመለጠም። በ1957 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ጀርመን ገበያ ላይ የዋለው ታሊዶማይድ ለእርግዝና ማቅለሽለሽም ይሰጥ ነበር። በ1961 እ.ኤ.አ. ከገበያ እስኪወጣ ድረስ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን እንደጎዳ ይገመታል።

የምርመራው ደረጃዎች

1. ማንነቱን መለየት፦ አንድ ስም ለተለያዩ ዕፀዋት ሊሰጥ ስለሚችል፣ ተክሉና የተወሰደው ክፍል (ሥር፣ ቅጠል ወይም ፍሬ) በባለሙያ ይረጋገጣል።

2. ብክለትን መመርመር፦ በተለይ አፈርና ማዕድን ያለበት መድኃኒት እርሳስ፣ አርሴኒክና ሜርኩሪ እንደሌለው በላቦራቶሪ ይታያል።

3. በእንስሳት መሞከር፦ ያረገዙ አይጦች ለሦስት ቡድን ተከፍለው የተለያየ መጠን ይሰጣቸዋል፤ አራተኛው ቡድን ምንም መድኃኒት አይሰጠውም። ከመውለዳቸው በፊት ፅንሶቹ ተቆጥረውና ተመዝነው አጥንታቸውና የውስጥ አካላቸው ይመረመራል። በጥንቸልም ይደገማል፤ ታሊዶማይድ በአይጥ ላይ በግልጽ ያላሳየውን ጉዳት በጥንቸል ላይ አሳይቷልና።

4. እናቶችን መከታተል፦ ነፍሰ ጡርን ባልታወቀ ነገር መሞከር አይፈቀድም። ራሳቸው ከወሰዱ እናቶችና ካልወሰዱት የተወለዱት ሕፃናት ይነጻጸራሉ።

እስካሁን የሚታወቀው

በሰሜን ተራሮች ደጋ የሚበቅለው ኮሶ ለትል ሲጠጣ ኃይለኛ ነው፤ ለውርጃ የሚዳርግ ስለሆነ ነፍሰ ጡር አትጠጣውም። እንዶድም እንዲሁ። የጤና አዳም ጭማቂና ዘይት ማሕፀንን ያነቃቃል፤ በቡና ላይ የሚጣል ቅርንጫፍና ተጨምቆ የሚጠጣ አንድ አይደሉም። ጥቁር አዝሙድም በወጥ ውስጥ ቅመም ነው፤ በማንኪያ የሚወሰደው ዘይቱ ግን መድኃኒት ነው። ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ኩልና የሚበላ አፈር የሚያስከትሉት እርሳስ በእትብት አልፎ የፅንሱን አንጎል ይጎዳል።

የባሕል መድኃኒት ቁጥጥር በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ይገኛል። ሆኖም በየቤቱ የሚቀመመውን ሁሉ አዋጅ አይደርስበትም። ስለዚህ እህቶች ለእርግዝና ክትትል ሲሄዱ የወሰዱትን ስሙን፣ መጠኑንና ስንት ቀን እንደወሰዱት ለአዋላጅ ነርሷ ይንገሩ፤ ከተቻለም ቅጠሉን ይዘው ይሂዱ። ከወሰዱ በኋላ ደም ከታየ ወይም ሆድ ከቆረጠ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።