ከናፍቆትሽ በስተቀር

ባለፈው ሰሞን ከሮቤ ተነስተን ሶፍ ዑመር ወርደን ነበር። የሄድነው ዌይብ ወንዝ ተራራውን ሰርስሮ የሚያልፍበትን ዋሻ ለማየት ነው፤ መንገድ ላይ ግን ሌላ ነገር ያዘን። አብራን የተሳፈረች ሴት ስልኳ ጮኸ። ሰላም ማስከበር የዘመተው ባሏ ነው። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በኦሮምኛ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ትቆጣለች፣ ደግሞ ትስቃለች። ከመሃላችን ኦሮምኛ የሚችለውን ልጅ «ምን አለች?» ብለን ጎሸም አደረግነው። «ለእናንተ አይደለም» አለን። ልክ ነበር!

ይህቺ ሴት በእጇ የያዘችውን ነገር የቀደሙት የዘማች ሚስቶች አላገኙትም። እስቲ ወደ ኮሪያ እንመለስ።

ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ኮሪያ ተጓዘ። ፑሳን የደረሰው በዚያው ወር መጨረሻ ነው። የዚህ ዘመቻ ቁጥር ሁላችንም አፍ ላይ አለ፤ 121 ሞቱ፣ 536 ቆሰሉ፣ የተማረከ የለም። አዲስ አበባ አፍንጮ በር መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ይገባቸዋል። ቤት የቀሩት ሚስቶች ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ የሉም።

ባልና ሚስቱን የሚያገናኘው ደብዳቤ ነበር። የዚያን ዘመን ደብዳቤ ደግሞ ሁላችን እናውቀዋለን። «ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ይላል። ቀዝቃዛ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን ደብዳቤውን ማን ያነበው እንደነበር እናስብ። በአብዮቱ ዋዜማ እንኳ ከ10 ኢትዮጵያዊ 9ኙ ማንበብ አይችልም ነበር። ስለዚህ ቄሱ፣ አስተማሪው ወይም ፊደል የቆጠረ የጎረቤት ልጅ ይጠራል። ቤተሰብ ይሰበሰባል። አማት ትሰማለች። መልሱንም ሌላ ሰው ይጽፈዋል። በዚህ ሁሉ ጆሮ መካከል ሚስት «ሌሊት እንቅልፍ የለኝም» ትበል? «ከናፍቆትህ በስተቀር» የምትለዋ ቃል ያን ሁሉ ትሸከም ነበር።

በባሌ ደግሞ አንድ ግድግዳ ይጨመራል። የመንግሥቱ ጽሕፈት አማርኛ ነው፤ አፏን በኦሮምኛ የፈታች የወታደር ሚስት ቃሏ መጀመሪያ ተተርጉሞ፣ ከዚያ ተጽፎ ነው የሚሄደው። ሲመጣም እንዲሁ። በእሷና በባሏ መካከል ባሕር ብቻ ሳይሆን አንባቢም፣ ጸሐፊም፣ አስተርጓሚም ቆመዋል ማለት ነው።

ግድግዳው የፈረሰው ቀስ በቀስ ነው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ኦሮምኛም ከማስተማሪያ ቋንቋዎቹ አንዱ ሆነ፤ ያኔ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ ተተካ። በ1991 ዓ.ም. ሞባይል ስልክ አዲስ አበባ ገባ፤ ቆይቶም ክፍለ ሀገር ወረደ። የኢትዮጵያ ጦር በ1996 ዓ.ም. ወደ ቡሩንዲና ላይቤሪያ፣ በኋላም ወደ ዳርፉርና አቢዬ ሲዘምት ዘማቹ ያገኘው ዓለም የቃኘው ዓለም አልነበረም።

ለነገሩ ስልክ ሁሉን አልፈታም። በደብዳቤ ዘመን የወር ዝምታ የተለመደ ነበር። ዛሬ ኔትወርክ ለሁለት ቀን ሲጠፋ እንቅልፍ ይጠፋል። ጭንቀቱ አልሄደም፤ ሰዓቱ ብቻ አጠረ። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ሚስት ከዘማች ባሏ ጋር ያለ ሦስተኛ ሰው፣ በገዛ ቋንቋዋ መጣላትም መታረቅም ቻለች።

ስለዚህ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ባሏ ኮሪያ ወይም ኮንጎ የዘመተባት አያት ካለች፣ ስለ ጦርነቱ አትጠይቋት። ደብዳቤውን ማን እንዳነበበላት ጠይቋት። ሳታጽፈው የቀረውንም፣ ፈቃዷ ከሆነ፣ አድምጧት።

የመኪናዋ ሴት ግን ሶፍ ዑመር እስክንደርስ አወራች። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አልተነገረንም።