የአባ እንጦንስ ግድግዳ በፓሪስ

ፓሪስን ሊጎበኝ የሚመጣ ወገናችን የሚሄድበት መንገድ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ከኤፍል ማማ ሥር ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በሉቭር ሞና ሊዛን በሰው ትከሻ ላይ አሻግሮ ያያል፤ ጊዜ ከተረፈውም በሴን ወንዝ በጀልባ ተንሸራሽሮ ወደ ሻንዜሊዜ ይወጣል። በዚህ ላይ ነቀፌታ የለኝም፤ እኔም እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር የምመራው በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን ከማማው ጥቂት ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ ስፍራ፣ በዚያው በወንዙ ዳር፣ የአንድ የጎንደር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ልብሱን ተገፍፎ እንደ ተቀመጠ ቀድሞ የሚያውቅ እንግዳ እስካሁን አልገጠመኝም። ልጽፍ የተነሣሁትም ስለዚያ ግድግዳ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤቱ የኬ ብራንሊ ሙዚየም ይባላል። የተከፈተው በ2006 ሲሆን የሕንፃው ንድፍ የዣን ኑቬል ነው። ከአፍሪካ፣ ከእስያ፣ ከኦሺኒያና ከአሜሪካ የተሰበሰቡ ቅርሶችን ይዟል። ውስጡ ሆን ተብሎ ደብዘዝ እንዲል ስለ ተደረገ ዓይን እስኪለምደው ጥቂት መቆም ያስፈልጋል። በአፍሪካው ክፍል፣ ከጭምብሎችና ከእንጨት ምስሎች መካከል፣ እነዚያ ዓይነ ትልልቅ ቅዱሳን በድንገት ብቅ ሲሉ ግን ለእኛ ቢጤው የሚደነግጠው ዓይን ብቻ አይደለም። ቅዱሳኑን ለማወቅ መግለጫ ማንበብ አያሻንም። ሌላው ጎብኚ የሚያየው ሥዕል ነው፤ እኛ የምናየው የመቅደስ ግድግዳ ነውና ጫማችንን ለማውለቅ ይቃጣናል።

ሥዕሎቹ የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ከ1667 እስከ 1682 በነገሡት በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገርለታል። የዚያ ዘመን የጎንደር ሠዓሊ ብዙውን ጊዜ ሥራውን በግድግዳው ላይ በቀጥታ አያሳርፍም ነበር። የመቅደሱ ግድግዳ በጭቃ ከተለሰነ በኋላ የጥጥ ሸማ ይለጠፍበታል፤ ቀለሙ የሚያርፈው በሸማው ላይ ነው። ይህ አሠራር ለዚህ ታሪክ ቁልፍ ነው። የተለጠፈ ሸማ ይላቀቃልና፤ ከተላቀቀም ተጠቅልሎ በበቅሎ ይጫናል።

የጫኑት ከግንቦት 1931 እስከ የካቲት 1933 አፍሪካን ከአትላንቲክ እስከ ቀይ ባሕር ያቋረጡት የዳካር–ጂቡቲ ተልዕኮ አባላት ናቸው። መሪው ማርሴል ግሪዮል፣ ጸሐፊው ሚሼል ሌሪስ ነበሩ። በ1932 አጋማሽ ጎንደር ደርሰው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ግድም ሲቆዩ ያረፉት በኢጣሊያ ቆንስላ ግቢ ነበር። ይህ ቆንስላ ሦስት ዓመት ቆይቶ ለመጣብን ነገር ምን ያህል መረጃ ሲያቀብል እንደ ኖረ አንባቢዬ መገመት አያቅተውም፤ እርሱ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ግሪዮል የአባ እንጦንስን ሥዕሎች እንዲሁ ነቅሎ ሊወስድ አልቻለም። ሊችልም አይችልም ነበር። ተልዕኮው በማሊ፣ በዚያን ጊዜ አጠራር በፈረንሳይ ሱዳን፣ በ1931 የመንደር ሰዎችን እያስፈራራ የተቀደሱ ዕቃዎችን ከየጎጇቸው እንደ ወሰደ ሌሪስ ራሱ በዕለት ማስታወሻው ጽፎታል። ማስታወሻው በ1934 በመጽሐፍ ሲታተም ግሪዮልን ክፉኛ ማስከፋቱም የታወቀ ነው። ኢትዮጵያ ግን ቅኝ ግዛት አልነበረችም። የሚያስፈራራበት ወታደርም፣ ከበስተኋላው የሚቆምለት የአውራጃ ገዢም አልነበረውም። ስለዚህ መደራደር ነበረበት፤ የድርድሩም ዋጋ ቅጂ ሆነ። ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የተልዕኮው ሠዓሊ በአዲስ ሸራ፣ በአዲስ ቀለም፣ ቅዱሳኑን አንድ በአንድ ገለበጣቸው፤ ቅጂው በግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ የጥንቱ ሸማ ወደ ፓሪስ ሄደ።

ይህን ስምምነት እንዴት እንፍረደው? ከወገኖቼ ጋር ባነሣሁት ቁጥር ሁለት መልስ ብቻ እሰማለሁ። አንዱ «ተሰረቀ» ይላል፤ ሌላው «ባይወስዱት ኖሮ ይጠፋ ነበር» ይላል። ሁለተኛው ፍሬ ቢስ ነው ማለት አልችልም። ጎንደር በ1866 በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ተዘርፋለች፤ በ1888 ደርቡሾች አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጥለዋል፤ ከዚያ እሳት የተረፈው ጥቂት ነው። ዝናብ፣ ምስጥና ቸልታም ከእሳት የማይተናነስ ሥራ ሠርተዋል። ሆኖም «አተረፍኩት» የሚል ሰው «የእኔ ነው» ሊል እንደማይገባው አያቶቻችን በአንዲት ቃል ይለዩት ነበር፤ ቃሏም አደራ ናት። በአደራ የተቀመጠ ዕቃ ዘመን ቢቆጠርበት ርስት አይሆንም።

«ተሰረቀ» የሚለውም ቢሆን ያን ያህል ቀላል አይደለም። ውል ነበረ። ይሁን እንጂ በአንድ ወገን የዕቃውን ዋጋ በሚገባ የሚያውቅ የፓሪስ ሊቅ፣ በሌላው ወገን ግድግዳው ያረጀበት ደብር የተዋዋሉበት ውል ነበር። የሚያስገርመኝ ደግሞ ቅጂው ነው። ግሪዮል ቤተ ክርስቲያን ያለ ሥዕል ራቁቱን ሊቀር እንደማይገባ ያውቅ ነበር። ያን ያህል ማወቁ ክሱን ያቀልለታል ወይስ ያከብደዋል? ለእኔ ያከብደዋል። ሰውዬውን ግን በአንድ ቀለም ብቻ መሣልም አይገባም። ኢጣሊያ በወረረችን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ቆመው ከጻፉት ፈረንሳውያን አንዱ እርሱ ነው፤ በ1936 ያሳተመውም መጽሐፍ ምስክር ነው።

ከተልዕኮው አባላት መካከል እኔ ከልቤ የማስባት ግን ሌላ ናት። ደቦራ ሊፍሺትዝ በካርኪቭ የተወለደች፣ በፓሪስ ከማርሴል ኮሄን ዘንድ የኢትዮጵያን ቋንቋዎች የተማረች አይሁዳዊት ነበረች። ጎንደር ላይ ከደብተሮች ጋር ተቀምጣ የአስማት ጽሑፎችን ሰበሰበች፤ ሥራዋ በ1940 ታተመ። በ1942 ጀርመን በያዘቻት ፓሪስ ተይዛ ወደ አውሽቪትዝ ተላከች፤ በዚያም ተገደለች። የእኛን ክታብ ያነበበላት እንጂ ለራሷ የሚሆን ክታብ ያገኘላት አልነበረም። ከእርሷና ከሌሪስ ጋር የሠሩትም የአገራችን ሰዎች ሊዘነጉ አይገባም። አስተርጓሚው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴና የዛር ባለውቃቢዋ መልካም አየሁ ባይኖሩ ሌሪስ በ1958 ስለ ጎንደር ዛር ያሳተመው ዝነኛ ጥናት ባልተጻፈም ነበር።

ሥዕሎቹን የማስመለስ ጉዳይ ከተነሣ ሕጉን ማወቅ ይበጃል። በፈረንሳይ የመንግሥት ሙዚየም ንብረት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ለቤኒን 26 ዕቃዎችን ለመመለስ በታኅሣሥ 2020 ለብቻው ሕግ ማውጣት አስፈልጓል፤ ዕቃዎቹ ከዚሁ ከኬ ብራንሊ በ2021 ኅዳር ወጥተው ሄደዋል። ፈልዊን ሳርና ቤኔዲክት ሳቮዋ ለፕሬዚዳንት ማክሮን በ2018 ያቀረቡት ዘገባ በጦር ሜዳ የተማረከውን ብቻ ሳይሆን እንደ ዳካር–ጂቡቲ ባሉ ሳይንሳዊ ተልዕኮዎች የተሰበሰበውንም በጥያቄው ውስጥ አስገብቷል። በ2025 ደግሞ ሙዚየሙ ራሱ የዚህን ተልዕኮ አሰባሰብ ከአፍሪካውያን ተመራማሪዎች ጋር እንደ ገና የሚመረምር ዐውደ ርእይ አዘጋጅቶ ነበር። እኛ ስለ መቅደላ ከእንግሊዞች ጋር ስንሟገት የኖርነውን ያህል ስለ አባ እንጦንስ አለመናገራችን ለምን ይሆን? ምናልባት ውል የሚባለው ነገር አፋችንን ይዞት ይሆናል። መቅደላ ላይ ደም ፈሷል፤ ጎንደር ላይ የፈሰሰው ቀለም ብቻ ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ሌላም የእኛ ነገር ያለበት ግድግዳ አለ፤ ይህኛው ግን የተነቀለ ሳይሆን የተጻፈበት ነው። ከስፔን ድንበር አጠገብ፣ በሄንዳይ ከተማ፣ አትላንቲክን ቁልቁል የሚያይ የአባዲያ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ባለቤቱ ከ1838 ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ የተዘዋወረው፣ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው አንቷን ዳባዲ ነው። ከ1864 እስከ 1879 በተሠራው በዚህ ቤት የውጭ ግንብ ላይ አዞና እባብ በድንጋይ ተቀርጸዋል፤ በውስጡ ግድግዳዎች የኢትዮጵያ ኑሮ ተሥሏል። ከደረጃው አጠገብ መብራት የያዘ ኢትዮጵያዊ ወጣት ሐውልት ቆሟል፤ እኛን መብራት ያዥ አድርጎ ማቆሙ ደስ አላሰኘኝም፣ ልሸሽገው አልፈልግም። የምግብ አዳራሹ ግን ልብ ይነካል። በየወንበሩ መደገፊያ አንድ አንድ የአማርኛ ፊደል ሰፍሯል፤ ወንበሮቹ በየተራቸው ሲቆሙ በዚህ ማእድ ዙሪያ ከዳተኛ እንዳይኖር የሚለምን ዐረፍተ ነገር ይወጣቸዋል። እንግዶቹ አንዳቸውም ሳያነቡት በፊደላችን ላይ ተደግፈው ይበሉ ነበር ማለት ነው።

ዳባዲም ባዶ እጁን አልተመለሰም። በ1859 ባሳተመው ዝርዝር 234 የብራና መጻሕፍትን መዝግቧል። አንዳንዱን የገዛው፣ አንዳንዱን በአገሩ ጸሐፍት ያስገለበጠው ነው። ማስገልበጥ ማለት እንግዲህ ዋናውን በስፍራው ትቶ ቅጂውን ይዞ መሄድ ነው፤ አባ እንጦንስ ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። መጻሕፍቱ ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ ብዙዎቹም ጋሊካ በተባለው የቤተ መጻሕፍቱ ዲጂታል ክምችት በነጻ ይነበባሉ።

ሄንዳይ ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ በፈጣን ባቡር አምስት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ኬ ብራንሊ ሰኞ ዝግ ነው። ልጆች ይዘው የሚሄዱ ፊደል የቆጠሩትን ወደ አባዲያ ይውሰዷቸው፤ በዚያ አገር የወንበሮቹን ጽሕፈት ያለ አስጎብኚ ሊያነቡ የሚችሉት እነርሱ ናቸውና።