የሙት ልጅ ማን ነው?

በቡታጅራ ወይም በወልቂጤ ገበያ አባቱ በቅርቡ የሞተበት ልጅ ቢያልፍ ከንፈር የማይመጥለት የለም። ስያሜው ላይ ግን ሰዉ ይለያያል። አንዱ «የሙት ልጅ» ይለዋል፤ ሙስሊሙ «የቲም»፤ የቤተ ክህነት ሰው «እጓለ ማውታ»። ቃላቱ አንድ ነገር የሚሉ ይመስላሉ፤ አይሉም።

«እጓለ ማውታ» ግእዝ ነው፤ «የሙት ልጅ» ደግሞ ፍቺው። ሁለቱም ልጁን የሚጠሩት በሟቹ ነው፤ እናቱ በሕይወት ብትኖርም ስሙ ይጸናል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን «ድኻ አደግ» ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከመበለት ጎን የሚያነሣው ይህንኑ ቃል ነው። በቃሉ ውስጥ ሞት የለም፤ ያለው አስተዳደግ ነው። የጉራጌው ተወላጅ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ በልጅነታቸው ከጦር ሜዳ ተነሥተው በምኒልክ ግቢ እንዳደጉ ይተረካል። ከወላጅ ተለይተው ያደጉትን እኚህን ሰው ድኻ አደግ ለማለት አፍ አይደፍርም፤ አገር የሚያውቃቸው በፈረስ ስማቸው፣ አባ ነፍሶ ተብለው ነው።

«የቲም» ከሁሉም ይልቅ ወሰኑ የተለየ ነው። በእስልምና ሕግ የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ምክንያቱ ከንብረት ጋር የተያያዘ ነው፤ ቁርኣን ሞግዚቱ የልጁን ገንዘብ እንዳይበላ፣ ልጁም ሲበስል እንዲያስረክበው ያዛል። ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ስሙም ያበቃል። እናቱ ብቻ የሞተችበት ልጅ በዚህ ሚዛን የቲም አይደለም። አማርኛም ቢሆን ለአባት ማጣት አንድ ስድብ አበጅቷል፤ «ሴት ያሳደገው» ይላል፣ ብቻዋን ደክማ ያሳደገችውን እናት ጨምሮ እየሰደበ።

ኤድስ ሲመጣ ሚዛኑ ተገለበጠ። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም በመጀመሪያዎቹ ዘገባዎቹ የቆጠረው 15 ዓመት ሳይሞላቸው እናታቸውን ወይም ሁለቱንም ወላጆቻቸውን በበሽታው ያጡትን ነበር። አባት ብቻ የሞተበት፣ ማለትም ዋነኛው የቲም፣ ከቁጥር ወጣ። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ቆጠራው ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ አድርጎ ከሁለቱ አንዱን ያጣውን ሁሉ ያዘ። ይህን ሰፊ ትርጉም የእኛ መሥሪያ ቤቶች «ወላጅ አልባ» ሲሉ አማረኙት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቃሉ በግልጽ የሚለው ወላጅ የሌለው ነው። አባቱ የሞተበትን ልጅ ለደብተርና ለዩኒፎርም እርዳታ የምታስመዘግብ እናት፣ እጁን ይዛው ቆማ ሳለ፣ ጸሐፊው ልጁን «ወላጅ አልባ» ብሎ ይጽፈዋል። እርዳታውን ስለምትፈልገው አታርመውም።