ብልቃጡ ላይ ያለው ሰዓት፦ የፋርማሲ ጥራት መለኪያና የሲያትል ኢትዮጵያውያን

በሲያትል ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ከመደርደሪያ ተነሥቶ ታካሚው እጅ እስኪገባ ድረስ ደጋግሞ ይፈተሻል። ቴክኒሺያኑ ባርኮዱን ከማዘዣው ጋር ያመሳክራል፤ ኮምፒዩተሩ ሰውየው ከሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይጋጭ እንደሆነ ያያል፤ ፋርማሲስቱ ክኒኑን በዓይኑ አይቶ ያጸድቃል፤ መስኮቱ ላይ ስምና የትውልድ ቀን ይጠየቃል። የዋሽንግተን ስቴት የፋርማሲ ጥራት ማረጋገጫ ኮሚሽን ደንብም ለታካሚው አዲስ የሆነ ወይም የተለወጠ ሕክምና ሲጀመር ፋርማሲስቱ ምክር ልስጥዎት ብሎ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ይህ ሁሉ ሳይጓደል መድኃኒቱ በተሳሳተ ሰዓት ሊዋጥ ይችላል። የጥራት መለኪያው ታካሚው በተረዳው ነገር ላይ ካላረፈ ጎዶሎ ነው የምለው ለዚህ ነው።

መረዳት ከቋንቋ ይጀምራል፤ የቋንቋው ጥያቄ ደግሞ በሕግ ደረጃ መነሣት ከጀመረ ቆይቷል። ከሲያትል በመኪና የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ የሆነችው ፖርትላንድ የምትገኝበት ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ ከ2021 ጀምሮ ፋርማሲዎች የብልቃጡን ጽሑፍ ታካሚው ሲጠይቅ በ14 ቋንቋዎች ያቀርባሉ፤ አማርኛ አንዱ ነው። ትርጉም መኖሩ ብቻ ግን ዋስትና አይሆንም። በኒውዮርክ ብሮንክስ በኮምፒዩተር የተዘጋጁ የስፓኒሽ ጽሑፎች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ ሲታተም ግማሾቹ ስህተት ነበረባቸው። ብዙ ተርጓሚ ያለው ስፓኒሽ እንዲህ ከሆነ የአማርኛውን መገመት አያዳግትም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የፌዴራል ደንብ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ የጤና ተቋማት ወሳኝ ጽሑፍ በማሽን ሲያስተረጉሙ ብቁ ሰው እንዲያየው ያዘዘው በከንቱ አይደለም።

የኛ ችግር ግን ከሰዋስው ያልፋል። ሐኪሙ ምሽት በአሜሪካ ሰዓት 9 ላይ እንዲወሰድ ያዘዘው የእንቅልፍ መድኃኒት «9 ሰዓት ላይ ይውሰዱ» ተብሎ ቢተረጎም፣ በአገር ቤት ሰዓት የሚኖሩ እናት የሚውጡት ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ሳለች ነው። ታክሲ የሚነዳ ሰው ከሆነ ደግሞ መሪ ላይ እንዳለ ያሸልበዋል። ተርጓሚው ነቅቶ «3 ሰዓት» ቢለውም አልዳነም፤ ሲያትል ያደገችው ልጅ ለእናቷ ስልክ ላይ ማንቂያ የምትሞላው በአሜሪካ ሰዓት ነውና። ከቁጥር መውጣት ይሻላል፦ «ማታ፣ ሊተኙ ሲሉ»። የመድኃኒት ደረጃ አውጪው የአሜሪካ ፋርማኮፒያ ስለ ብልቃጥ ጽሑፍ ባወጣው ምዕራፍ 17 ከቁርጥ ሰዓት ይልቅ ጠዋት፣ ቀትር፣ ምሽትና የመኝታ ሰዓት የሚለውን አገላለጽ መርጧል። ያን ሲጽፍ ኢትዮጵያዊን አስቦ ባይሆንም ለኛ በልክ የተሰፋ ነው።

ጾም ሌላው ነው። ለስኳር በሽታ የሚታዘዘው ግሊፒዛይድ ከቁርስ በፊት ሠላሳ ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይወሰዳል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ በአገር ቤት ሰዓት እስከ ዘጠኝ የሚቆዩ አዛውንት ክኒኑን በማለዳ ውጠው እህል ካልቀመሱ ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ብታቀልም ብዙዎቹ እሺ አይሉም፤ ለፋርማሲስቱም አይናገሩም፣ እሱም አይጠይቅም። በሐርበርቪው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው ኤትኖሜድ የተባለው ድረ ገጽ የስደተኞችን ባህልና ልማድ ለጤና ባለሙያዎች ሲያስረዳ የኖረው እንዲህ ያለውን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ከዚህ አንጻር የሠፈር ፋርማሲዎች መመናመን የንግድ ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1890 በሲያትል የተመሠረተው ባርቴል ድራግስ በ2020 ለራይት ኤይድ ተሸጠ፤ ገዢው በ2023 እና በ2025 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ሲቀርብ መደብሮቹ ተዘጉ ወይም ወደ ሌላ እጅ ገቡ። ደንበኛውን በስም፣ ጾሙንም በወሩ የሚያውቅ ፋርማሲስት በአንድ ቀን አይተካም፤ የታካሚው መዝገብ ወደ አዲሱ ኮምፒዩተር ሲዛወር ይህ እውቀት አብሮ አይሄድም።

ሊደረግ የሚችለው ግን ውድ አይደለም። «ገባዎት?» ለሚል ጥያቄ ሐበሻ ሁሉ «አዎ» ነው የሚለው፣ ለአክብሮት። ፋርማሲስቱ በአስተርጓሚ በኩል «እማማ፣ ይህን መድኃኒት ነገ መቼ መቼ እንደሚውጡት እስቲ ይንገሩኝ» ቢላቸው መልሱ ስህተቱን ያወጣዋል። የኮሚሽኑ ተቆጣጣሪዎችም ለጉብኝት ሲመጡ ከማቀዝቀዣው ሙቀት መዝገብ ጎን አንድ የአማርኛ ብልቃጥ አንሥተው፣ ጽሑፉን ማን እንዳየው ቢጠይቁ መልካም ጅምር ነው።