የቢላዋ ተዳፋት አሞራረድ

የቢላዋ ተዳፋት አሞራረድ ጠፍጣፋ ብረትን ከሁለት ጎኑ እየፋቁ ከጀርባው ወደ አፉ እንዲሳሳ የማድረግ ሥራ ነው። በዚህ ፍቀት የሚገኘው ዘመም ያለ ገጽ ተዳፋት ይባላል። ቢላዋ ካሮትን ቆርጦ ማለፉ ወይም እንደ ሽብልቅ መሰንጠቁ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ተዳፋት ቅጥነት ነው። የተፋቀ ብረት ተመልሶ ስለማይለጠፍ ጀማሪ ብዙ ብረት የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቅርጽና ማዕዘን

ተዳፋቱ ዝርግ፣ ወደ ውስጥ የጎደጎደ (እንደ ጢም መላጫ) ወይም ወደ ውጭ ያበጠ (እንደ መጥረቢያ) ሊሆን ይችላል። ለጀማሪ ዝርጉ ይሻላል። ተዳፋቱ ከስለቱ ማዕዘን ጋር መምታታት የለበትም። የወጥ ቤት ቢላዋ ስለት ብዙውን ጊዜ በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይሳላል፤ ተዳፋቱ ግን ከዚህ በጣም ያንሳል። ለምሳሌ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብረት አፉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር እንዲቀር ቢፋቅ ማዕዘኑ በየጎኑ 2 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ይህን በዓይን መገመት ስለማይቻል መስመር ይሰመራል።

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የብረቱን ጠርዝ በማርከር ቀለም ቀብቶ፣ ውፍረቱ ከብረቱ ጋር እኩል የሆነ ፑንታ ዝርግ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በጫፉ ጠርዙን መጫር ነው። ብረቱ ተገልብጦ እንደገና ሲጫር ሁለት ተቀራራቢ መስመሮች ከወጡ መሃሉ በመካከላቸው ነው።

በሞረድ

የመኪና ባሌስትራ ጥሩ ቢላዋ ይወጣዋል፤ ነገር ግን የጠነከረ ስለሆነ እንዳለ ቢሞረድ ሞረዱ ይንሸራተታል። ስለዚህ ቀይ እስኪሆን ግሎ አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ መብረድ አለበት። ከዚያ ሞርሳ ላይ ታስሮ በመጀመሪያ ጠርዙ በ45 ዲግሪ ገደማ እስከ መስመሩ ይሞረዳል፤ ቀጥሎ ማዕዘኑ እየተቀነሰ ተዳፋቱ ወደ ጀርባው ይወጣል። ሞረድ የሚበላው ወደ ፊት ሲገፋ ነው፤ ሲመለስ ይነሳል። ገጹን በማርከር መቀባት ሞረዱ የነካውን ቦታ ያሳያል። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው ከመሄድ ይልቅ እያፈራረቁ መሥራት አፉን ከመሃል እንዳይወጣ ያደርገዋል። ሞረድ አዝጋሚ ነው፤ ለተማሪ የሚጠቅመውም ስህተቱ በአንድ ጊዜ ስለማይሰፋ ነው።

በማሽን

የብርጭቆ ወረቀት ቀበቶ በሚያሽከረክር ማሽን ላይ ክርን ከጎን ጋር ተጣብቆ እንቅስቃሴው ከወገብና ከእግር ይመጣል። ቢላዋው ጫፉ ላይ ለአፍታ ከቆመ ጫፉ ይሳሳል። አፉ ከመጠንከሩ በፊት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይተርፍለታል፤ በጣም ከሳሳ ዘይት ውስጥ ሲነከር ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ከተጠናከረ በኋላ ደግሞ ሙቀት ጠላቱ ነው። ተራ የካርቦን ብረት ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ደርሷል፤ በዚያ ቦታ ጥንካሬው ቀንሷል። ስለዚህ በየምልልሱ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ጓንት ሙቀቱን ስለሚደብቅና ማሽኑ ሊይዘው ስለሚችል ብዙዎች በባዶ እጅ ይሠራሉ።

አቧራው

የዓይን መከላከያና የአቧራ ጭንብል ግዴታ ናቸው። በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ በድንጋይ ይስሉ የነበሩ ሠራተኞች በአቧራው ሳንባቸው ይጎዳ ነበር። ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ1845 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የአንድ ሐኪምን ጥናት ጠቅሶ፣ በደረቅ ድንጋይ የሚስሉት በአማካይ 35 ዓመት ያህል ብቻ እንደሚኖሩ፣ በእርጥብ ድንጋይ የሚስሉት ደግሞ ከ45 እምብዛም እንደማያልፉ ጽፏል። በፈረንሳይ ቲዬር ከተማ ሳዮቹ ከድንጋዩ በላይ በሳንቃ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ይሠሩ ነበር፤ ለሙቀትም ውሻ እግራቸው ላይ ያስተኙ ነበር።