ቁስሉን ማን አጠበው?
(ስለ ጦር ሜዳ ነርሶች ድራማና ስለ ተመልካቾቹ)

ነገሩ የጀመረው ዶርም ውስጥ ነው። አንድ የክፍላችን ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመለስ «ቻይና ቢች» የሚባል የቆየ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ በፍላሽ ይዞ መጣ። መብራት በመጣ ቁጥር ሰባት ስምንት ሆነን አንዲት ላፕቶፕ ፊት እየተኮለኮልን፣ ቆሎ እየቆረጠምን ማየት ያዝን። ድራማው ስለ ቬትናም ጦርነት ነው። ዋናው ሰው ግን ተኳሽ አይደለም፤ ኮሊን መክመርፊ የምትባል ነርስ ናት። ጦርነቱን የምናየው ከአልጋው በኩል ነው፤ ሄሊኮፕተር ያመጣውን ቁስለኛ ከሚቀበሉት እጆች በኩል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የእኛን ክፍል ተመልካች ልንገርህ። አንደኛው በሁለተኛው ምሽት ተነሥቶ፣ «ይሄ የጦርነት ፊልም አይደለም፣ የፍቅር ነው። ተኩሱ የታለ?» ብሎ ሄደ። ሌላው፣ «ነርስ ሁሉ እንዲህ ቆንጆ ነው እንዴ?» እያለ ቀረ። የጤና ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ደግሞ ፋሻ አጠቃለላቸውን እየተቸ አላስቀምጥ አለን። የጉደሩ ልጅ ብቻ፣ «ዝም በሉና እዩ!» ይል ነበር። በአንዲት ክፍል አራት ዓይነት ተመልካች!

በኋላ ስለ ድራማው ሳነብ፣ አሜሪካኖቹም ከኛ እምብዛም የተለዩ እንዳልነበሩ ተረዳሁ። ድራማው እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1991 ድረስ ነው የታየው። በዚያ ጦርነት ቬትናም የሄዱት የአሜሪካ ጦር ሴቶች 11,000 ገደማ ሲሆኑ፣ ከመቶ ዘጠና የሚሆኑት ነርሶች ነበሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ስለ ወታደሩ ብዙ ተባለ፣ ተጻፈ፣ ተቀረጸ፤ ስለ እነሱ ግን የሚያወራ ጠፋ። ድራማው በቴሌቪዥን ሲመጣ ታዲያ እነዚህ ሴቶች ሁለት ዓይነት ነገር ተናገሩ። አንዳንዶቹ ተቆጡ። «እኛ እዚያ የሄድነው ለፍቅር ነው? አሥራ ሁለት ሰዓት ቆመን ስንሠራ ጸጉራችንን ማበጠሪያ ጊዜ አልነበረንም» የሚል ነበር የቁጣቸው መንፈስ። ሌሎቹ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ባላቸው ወይም ልጃቸው፣ «አንቺም እዚያ ነበርሽ እንዴ?» ብሎ የጠየቃቸው በዚያ ድራማ ምክንያት ነው።

የድራማው አዘጋጆች አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1989 በታየ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በእውን እዚያ የነበሩ ሰዎችን ፊት ለፊት አስቀምጠው አናገሩ፤ ንግግራቸውንም ከድራማው ትዕይንት ጋር እያፈራረቁ አሳዩ። ተዋናይዋ ስታለቅስ የሚያይ ተመልካች ወዲያው እውነተኛዋን ነርስ ያያል። እውነተኛዋ ላታለቅስ ትችላለች። ይኼ ልዩነት ራሱ ትምህርት ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ደግሞ ዳያን ካርልሰን ኢቫንስ የምትባል የቬትናም ዘማች ነርስ፣ ለሴቶቹ መታሰቢያ ይቁም ብላ ከእ.ኤ.አ. 1984 ጀምሮ ስትወተውት ቆይታ ነበር። ብዙ እምቢታ ደረሰባት። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 1993 ዋሽንግተን ላይ ሐውልቱ ተመረቀ፤ ሦስት ሴቶችና አንድ የቆሰለ ወታደር። ሐውልቱን ያቆመው ድራማው ነው ማለቴ አይደለም። ሁለቱም የወጡት ግን ከአንድ ዝምታ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ አክስቴ ትዝ አሉኝ።

አክስቴ፣ እኛ በኦሮምኛ «አዳዳ» የምንላቸው የአባቴ እኅት፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ጊንጪ ነው የሚኖሩት። ሰፈሩ ሁሉ እስከ ዛሬ «ሲስተር» ይላቸዋል። በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ወደ ምሥራቅ ሄደው እንደነበር በቤታችን ይታወቃል። «ይታወቃል» ስል ግን እንዲያው ነው፤ አንድም ሰው አውርቶት አያውቅም። ቅዳሜ ዕለት ላፕቶፑን ተውሼ ሄድኩና ቡና ከተጠጣ በኋላ ሁለት ክፍል አሳየኋቸው። እንግሊዝኛውን አልፎ አልፎ እየተረጎምኩላቸው ነበር፤ ኋላ ግን፣ «ተወው፣ ይገባኛል» አሉኝ።

መጀመሪያ ሳቁ። «ይኼ ጋውን መቼ ነው የታጠበው? እኛ ጋ እንዲህ ነጭ ነገር አልነበረም» አሉ። ቀጥለው ፋሻው ሲጣል አይተው ደነገጡ። «ይጥሉታል? እኛ አጥበን፣ ቀቅለን፣ አስጥተን፣ መልሰን እንጠቀልል ነበር። ማታ ማታ ሥራችን ፋሻ መጠቅለል ነው።» ከዚያ ዝም አሉ። ድራማው ላይ ነርሷ ከቀዶ ጥገና ወጥታ እጇን ስትታጠብ፣ ደጋግማ ስትታጠብ ያሳያል። «እዚህ ላይ አቁመው» አሉኝ። አቆምኩት።

«ይኼ እውነት ነው» አሉ። «የቀረውን እንጃ። ይኼ ግን እውነት ነው።»

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን ሁሉ እዚህ አልጽፍም፤ አንዱን ብቻ ልጻፍ። «ቁስለኛ ሌሊት ላይ እናቱን ነው የሚጠራ» አሉ። «በየቋንቋው ነው የሚጠራት። በኦሮምኛ ሲሆን እኔን ይቀሰቅሱኛል፣ ሄጄ 'አቤት' እላለሁ። በትግርኛ ሲሆን ትግርኛ የምታውቅ ልጅ ነበረች፣ እሷ ትሄዳለች። በወላይትኛ ሲሆን ግን የሚችል አልነበረንም። እሱን በአማርኛ 'አይዞህ' ነበር የምንለው።» ቀና ብለው አዩኝ። «ስመለስ 'እንኳን ደህና ገባሽ' ብለው ቡና አፈሉልኝ። ከዚያ ስለ ከብቱና ስለ ዝናሙ ወሬ ተቀጠለ። የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም አልተናገርኩ።»

አርባ ዓመት አልፎታል። የኔ አባት፣ ወንድማቸው፣ እዚያው ተቀምጦ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ሲኒውን አስቀምጦ ወደ ደጅ ወጣ።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ፤ ምክንያቱም ይኼ ዝምታ የአክስቴ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ አልፎ ነቀምቴ የሚደርሰውን መንገድ ሁላችን እናውቀዋለን። በዚህ መንገድ ብቻ እንኳ ብንሄድ ስንት ነገር እናገኛለን!

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ገና የጥቂት ወራት ዕድሜ ነበረው፤ የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። በዘመናዊ ትምህርት የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ስመ ጥሩው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እንኳ በዚያን ጊዜ ለንደን የአገራቸው መልእክተኛ ሆነው ነበር። የስዊድን፣ የእንግሊዝ፣ የኖርዌይ፣ የሆላንድ፣ የፊንላንድና የግብፅ የሕክምና ቡድኖች መጥተው ከኢትዮጵያውያን ረዳቶች ጋር ሠሩ። አዲስ አበባ ላይ ሴቶች ተሰብስበው ፋሻና የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል ሰፉ። ጣሊያን ግን የቀይ መስቀሉን ምልክት አላከበረም። ኅዳር 26 ቀን ደሴ ስትደበደብ ሆስፒታሉም ተመታ፤ ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የስዊድኖቹ ድንኳን ከነቁስለኛው ተደበደበ፤ የካቲት 25 ቀን ደግሞ ቆረም አጠገብ የእንግሊዞቹ። የእንግሊዙን ቡድን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ጆን ሜሊም በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ስትዘረፍ ቁስለኛ ሊያነሡ ወጥተው በጥይት ተመትተው ሞቱ።

የነዚህን የውጭ ሐኪሞች ስም መጽሐፍ ይዞታል። ቃሬዛ የተሸከሙት፣ ውሃ ያፈሉት፣ ደም የነካውን ጨርቅ ወንዝ ወርደው ያጠቡት የኛ ሰዎች ስም ግን የታለ?

ከአዲስ አበባ መያዝ በኋላ ትግሉ ወደ ገጠር ገባ። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ከተማሩ ወጣቶች ጋር ነቀምቴ ላይ ተሰባስበው «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። የማኅበሩ መሪ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ፤ እንግሊዝ አገር የተማሩ የእንስሳት ሐኪም። ደንባቸው ምርኮኛን ማንገላታት ይከለክል ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ያለው ትልቁ የማስተማሪያ ሆስፒታል ይህንኑ ስም ተሸክሟል፤ ስንቱ ታካሚ አስቦት ይሆን?

ወደ አዲስ ዓለም እንመለስ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ከውስጥ አርበኞች ዋነኛዋ ነበሩ። ከከተማ ወደ ጫካ መድኃኒት፣ ጥይትና ወሬ ያቀብሉ ነበር። ተይዘው ተሠቃዩ፤ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ተመልሰውም አልተቀመጡም፤ በአዲስ ዓለሙ የጣሊያን ምሽግ ላይ በተደረገው ጥቃት ውስጥ እጃቸው ነበረበት። ስለ እሳቸው ሲነገር ጠመንጃው ይቀድማል። ያቀበሉት መድኃኒትና ፋሻ ግን የስንቱን ሰው እግር ከመቆረጥ አዳነ?

የጊንጪና የአምቦ ልጅ ጃገማ ኬሎን የማያውቅ የለም። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ጅባትና ሜጫን ይዘው ጣሊያንን ያስጨነቁ፣ «የበጋው መብረቅ» የተባሉ፣ ኋላም ሌተና ጄኔራል የሆኑ፣ በ2009 ዓ.ም. ያረፉ ጀግና ናቸው። ይገባቸዋል። ዳሩ ግን መብረቁ ሲመታ አጠገቡ የወደቁ ሰዎች ነበሩ። ከጥይት የተረፈውን ሰው ጎጆ ውስጥ ደብቃ፣ ቁስሉን በጨው ውሃ ያጠበች፣ ወጌሻ ፍለጋ በሌሊት የሄደች፣ ጠላት ቢደርስባት ከነቤቷ የምትቃጠል ሴት ነበረች። ለተኳሹ ቅጽል ስም አለን። ለእሷ የመጀመሪያ ስም እንኳ የለንም።

የዚሁ መንገድ መጨረሻ ደግሞ ሌላ ነገር ይዟል። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1939 በሙያው ተመዘገቡ። የዓለም ጦርነቱ ሲነሣም እዚያው በነርስነት አገለገሉ። ከነጻነት በኋላ አገራቸው ገብተው፣ አግብተው፣ ነቀምቴ ሳሉ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት አረፉ። የሌላውን ሰው ልጅ ሊያሳክሙ የተማሩ ሴት በዚያው ነገር ሞቱ። ልዕልቷ እንዲህ ከሆኑ፣ በዚያ ዓመት በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ ስንት ስም የለሽ እናት ሞታለች? በስማቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታልና የነርሶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1940ዎቹ ውስጥ ነው። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲዘምት ደግሞ 120 ያህል ሰው ሞቶበት ከ500 በላይ ቆስሎበታል። ቁስለኛ ባለበት የሚያስታምም አለ፤ ኢትዮጵያውያን ነርሶችም ባሕር ተሻግረው ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ፣ ቴሌቪዥን አገራችን ከገባበት ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ፣ ዋናዋ ሰው የጦር ሜዳ ነርስ የሆነችበት ተከታታይ ድራማ፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ እኔ አላየሁም። ያየ ካለ ያሳየኝ።

አንድ ጓደኛዬ የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ አንብቦ፣ «ድራማ እኮ ውሸት ነው። ታሪክ የምትፈልግ ከሆነ መዝገብ ፈልግ» አለኝ። ግማሹ ልክ ነው። ድራማ ይዋሻል፤ ጋውኑን ያነጣል፣ ፋሻውን ይጥላል፣ ተኩሱ መሐል ፍቅር ያስገባል። ነገር ግን አስቡት፤ አክስቴን ያናገራቸው ውሸቱ ነው። «እኛ ጋ እንዲህ አልነበረም» ማለት ፈልገው ነው አፋቸውን የከፈቱት። ከከፈቱት በኋላ ደግሞ እውነቱ ሲመጣ አወቁት፤ «አቁመው» አሉኝ። አሜሪካኖቹም ነርሶች የተናገሩት በመጀመሪያ ስለ ተቆጡ ነው። ተመልካች «እንዲህ አልነበረም» ባለ ጊዜ የታሪክ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ተነገረ ማለት ነው። እኛ ጋ የጠፋው ድራማው ብቻ ሳይሆን፣ «እንዲህ አልነበረም» የሚል ሰው የሚነሣበት አጋጣሚው ነው። መዝገብም ቢሆን መዝገብ ያዥ ይፈልጋል፤ ሌሊት «አቤት» ያለችውን ሴት ደግሞ ማንም አልመዘገባትም።

በ1928 ዓ.ም. ቁስል ያጠቡት ሁሉ አልፈዋል ማለት ይቻላል። እነሱን አምልጠውናል። በ1970ው ጦርነትና ከዚያም ወዲህ በነበሩት የሠሩት ግን በየከተማችን አሉ፤ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በባኮ። በየሰፈሩ «ሲስተር» የሚባሉ፣ መርፌ ለመወጋት ልጅ የሚወሰድላቸው፣ ጡረታቸውን ለመቀበል ተሰልፈው የምናያቸው ሴቶች ናቸው። ድሬሰር የነበሩ ሽማግሌዎችም አሉ። ካሜራ የለንም፣ ገንዘብ የለንም፤ ግን ደብተርና እስክሪብቶ አለን። ስልካችንም ድምፅ ይቀዳል።

እኔ በመጪው ቅዳሜ እንደገና ጊንጪ እሄዳለሁ። ላፕቶፑን አልይዝም። አዳዳ ባለፈው ስሸኛቸው በር ላይ ቆመው አንድ ነገር ብለውኝ ነበር፤ «ያ የወላይታው ልጅ ስሙን አውቀዋለሁ። ስትመጣ እነግርሃለሁ።»